እማዬ፣ ይሄን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው

አሰላሙ አለይኩም እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አባዬስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። አንቺ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገሽ ነው የምታወሪው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ሰላም በያት» እያለ ይገባበታል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ ጎረቤት ፊት የሚወራ አይደለም። ስለዚህ ጽፌ በታናሼ እጅ ላክሁልሽ። እንደማትከፍተው ምላልኛለች።

ነገሩ የሽንትሽ ጉዳይ ነው።

አንቺ አልነገርሽኝም። ግን እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምውለው። አንቺን የሚያካክሉ እናቶች ባንኮኒው ባዶ እስኪሆን ይጠብቁና ጠጋ ብለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ የሚያቃጥል ነገር አስቸግሮኝ ነበር» ይሉኛል። ወንድ ከገባ «የራስ ምታት ስጪኝ» ብለው ይሄዳሉ። ባለፈው ከደሴ ስትመጪ ያንን ነገር አንቺ ላይ አየሁት። ታናሼ እንደነገረችኝ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልጠጣሽም። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሃይላንዱን ስትሰጥሽ ከንፈርሽን አርጥበሽ መለስሽላት። ወደ 400 ኪሎ ሜትር በደረቅ ጉሮሮ! ቤት ስትደርሺ ሳትቀመጪ ሽንት ቤት ገባሽ፤ ስትወጪ ግንባርሽን አልቦሽ ነበር። «ጣርማ በር ላይ ብርድ መታኝ» አልሽኝ።

ብርድ አይደለም እማዬ። የወር አበባሽ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አብሮ ቀነሰ። የብልትን ግድግዳ፣ የሽንት ቧንቧውንና የፊኛውን አፍ ወፈር፣ ረጠብ አድርጎ ያኖር የነበረው እሱ ነው። እሱ ሲቀንስ ቦታው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በትንሹ ይላጣል። በፊት አካባቢውን አሲዳማ አድርገው ክፉውን ጀርም የሚከላከሉት ደግ ባክቴሪያዎችም ይመናመናሉ። ከዚያ ማቃጠሉ፣ ማሳከኩ፣ አሁን ሄደሽ አሁን መመለሱ፣ ስታስነጥሺ ጠብ ማለቱ፣ ኢንፌክሽኑም መመላለሱ ይከተላል። አንቺ እንደ ብዙ በሽታ ቆጥረሽው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን መነሻው አንድ ነው።

ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ይሄ ነገር አለባቸው። እዚያ ለዱዓ ተሰብስባችሁ ቡና ስትጠጡ ዙሪያሽን ተመልከቺ፤ በር በሩን የምትቀመጪው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ያ ፊትሽን እሳት ያደርገው የነበረው ሙቀት ከዓመታት በኋላ እንደተወሽ ይሄም የሚተውሽ መስሎሽ ከሆነ ግን አይተውም። ካልታከመ እየባሰ ነው የሚሄደው። «እርጅና ነው፣ ይቻላል» የምትይውን ነገር እኔ አልቀበለውም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የሶላቱ ነገር ነው። ሱብሒ ላይ በዚያ የደሴ ብርድ ውዱእ ታደርጊያለሽ፤ ሱጁድ ስትወርጂ ጠብ ይላል፤ ተነስተሽ እንደገና ማንቆርቆሪያውን ታነሺያለሽ። ቀሚስ ትቀይሪያለሽ። በረመዳን ሌሊት ለተራዊሕ ሶላት መስጂድ መሄድ የተውሽው ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ ነው፤ ጉልበትሽ ግን ገበያ ሲሆን አያምሽም። ሽንቱ አልያዝ ያለው ሰው ዑዝር አለው፣ በሃይማኖቱ ይታለፍለታል። የሶላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ያደርጋል፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ያንቺ እዚያ ደርሶ እንደሆነ ኡስታዟን ጠይቂያት። ሴት ናት፣ አትሳቀቂ። መታከሙ ግን ከዚህም ያሳርፍሻል።

ስለ ሲፕሮው፣ ስለዚያ ኢንፌክሽን ማጥፊያ አንቲባዮቲክ፣ ልቆጣሽ ነው። ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ግማሽ ፍሬው የቀረ እሽግ አይቻለሁ። ባቃጠለሽ ቁጥር ሁለት ሦስት ውጠሽ ሲሻልሽ ታቆሚያለሽ። የሚያቃጥል ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ድርቀቱ ራሱ ነው የሚያቃጥለው፣ ለእሱ ደግሞ ሲፕሮ ምንም አይሠራለትም። ኢንፌክሽን ከሆነም መጀመሪያ ሽንት ይመርመር፤ ከተመላለሰ የሽንት ካልቸር ይሠራ፤ ጀርሙ የትኛው እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለይ ምርመራ ነው። እንዲህ እየቆራረጥሽ ከዋጥሽው የምር ኢንፌክሽን የያዘሽ ቀን መድኃኒቱ አልሠራም ይልሻል። ያለ ማዘዣ የሸጠልሽንም ሰው አላመሰግነውም።

ውኃ አለመጠጣቱም አይጠቅምሽም። ሽንት ሲወፍር የበለጠ ያቃጥላል፣ ፊኛውንም ያናድደዋል። ቀን ቀን በደንብ ጠጪ፣ ከመግሪብ በኋላ ቀንሺ። ሌሊት ያንን ደረጃ በጨለማ ወርደሽ ግቢ መሄዱ ይቅር፤ ብትወድቂ ሌላ ጣጣ ነው። ፖፖ ነውር የለውም። ሌሊት የሚያመላልስሽ ስኳር እንዳይሆንም ተለኪ። ቡና ፊኛን ይነካካል፤ ወሎዬ እናቴን ቡና ተይ ብዬ ግን አልደፍርም። አቦሉን ጠጪ፣ በረካውን ለዱዓው ያህል ቅመሽው። ዴቶል፣ ሽታ ያለው ሳሙና፣ የሎሚ ውኃ እዚያ ቦታ አይድረስ። ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

አሁን ልጅ ለእናቷ የማትጽፈውን ልጽፍ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እለፊው ከፈለግሽ። መኝታ መለየትሽን አውቃለሁ። የሚያምሽ ከሆነ የሚያምሽ ስለደረቀ ነው፣ ፍቅር ስለጠፋ አይደለም። አባዬ ግን ይሄን ከየት ያውቃል? ጠላችኝ ብሎ እንደሆነስ? ይሄን ያህል ብቻ ንገሪው፤ «ያመኛል፣ እየታከምኩ ነው» በይው። ይገባዋል።

ሕክምናው ቀላል ነው። በትንሽ መጠን የተሠራ ኤስትሮጅን በክሬም ወይም በእንክብል መልክ እዚያው ብልት ውስጥ ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን። ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ለውጡን ለማየት ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፣ ቶሎ ተስፋ እንዳትቆርጪ። ግን በሐኪም ትዕዛዝ ነው የሚጀመረው። ደብዳቤውን ለአክስቴ ማንበብሽ አይቀርም፤ እሷ የጡት ካንሰር ታክማለችና ከሐኪሟ ሳትነጋገር እንዳትነካው።

ሌላም አለ። ሽንት ሲመጣ የምትይዢበትን ጡንቻ አጥብቀሽ እስከ አምስት ቁጠሪና ልቀቂ። በአንድ ጊዜ አሥር ያህል፣ በቀን ሦስቴ። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ አይደለም፤ ቡና ስትቆዪ፣ ሬዲዮ ስትሰሚ። ማንም አያውቅብሽም። ሦስት ወር ያህል ታገሺው።

ደም ካየሽ ግን፣ በሽንትም ይሁን በብልት፣ ጠብታም ብትሆን፣ የዚያኑ ሰሞን ሐኪም ቤት ሂጂ። ትኩሳትና የጎን ውጋት ከመጣ ደግሞ አታድሪ። እኔን አትጠብቂ።

ለዓረፋ እመጣለሁ። ከበዓሉ በኋላ የማህፀን ሐኪም ጋ አብረን እንገባለን፤ ሴት ሐኪም አፈላልጌልሻለሁ። ማፈሩን ለእኔ ተይው፣ የሚወራውን እኔ አወራለሁ፤ አንቺ የተሳሳትኩትን ታርሚያለሽ።

በጥቁሩ ፌስታል ሞዴስና ማለስለሻ ጄል አለ። ጄሉ ሆርሞን የለውም፣ ድርቀቱን ያስታግስልሻል። አጠቃቀሙን ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። የቀረውን ሲፕሮ ለታናሼ ስጫት፣ ይዛልኝ ትምጣ። ሽሮም ካለሽ ላኪልኝ፤ በርበሬው ግን ቀነስ ይበል፣ ልጆቹ አልቻሉትም።

አባዬን ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ፣
አዲስ አበባ