የቅዳሜው የተማሪዎች የአመራር ቀን

ሰላም ልጆች፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለን ተማሪዎች እኛው ያሰናዳነው የአመራር ቀን የፊታችን ቅዳሜ ነው። ጠዋት 2:30 ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኝተን በእግር ወደ ጣና ዳር እንሄዳለን። 6 ሰዓት ላይ እናበቃለን።

ርእሳችን ጣናን የወረረው የውኃ አረም፣ እምቦጭ ነው። አረሙ የአሣ አጥማጁን መረብ ይይዛል፣ የጀልባ መንገድ ይዘጋል። እያንዳንዱ ቡድን ተማሪ ሊሠራው የሚችል አንድ ሐሳብ ይዞ ይምጣ።

መድረኩን ሁሌ እጅ የሚያወጡት ብቻ እንዲመሩት አልፈልግም። አመራር የሚለመደው ማይኩን ጨብጦ ነው፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም። ዝምተኞች፣ በተለይ 9ኛ ክፍሎች፣ ቅድሚያው የእናንተ ነው።

ደብተር፣ እስክሪቢቶ፣ ውኃና ኮፍያ ያዙ፤ ለቤተሰብም ንገሩ። የምትመጡም፣ መድረክ መምራት የምትፈልጉም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።