ለዘይነብ፣ ከጅማ

ውድ ዘይነብ፣

እንዴት ነሽልኝ? ይሄን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ከርመን ድንገት ረጅም ደብዳቤ ሲደርስሽ "ምን ሆና ነው?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ምንም አልሆንኩም። እናትሽን ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ አግኝቻቸው ነው። "ልጄ ዶክተር ሆነች" ብለው እዚያው ሰው መሀል አቀፉኝ። እኔ ከሳቸው አፍ መስማቴ ትንሽ ቢከነክነኝም ደስታዬ ይበልጣል። እንኳን ደስ ያለሽ! ለዶክትሬትሽ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ለካምፕ ስትንከራተቺ የከረምሽበት ነገር ፍሬ አፈራ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። አንድ ድርጅት ጥሩ ደሞዝ አቅርቦልሽ፣ እዚያ ልግባ ወይስ ፖስት ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ የምርምር ሥራ) ልፈልግ እያልሽ እንቅልፍ አጥተሻል አሉ። አልጠየቅሽኝም፤ ግን ዝም ብል አይሆንልኝም። ፖስት ዶኩን ፈልጊ። የድርጅቱ ሥራ እንደ ድሮው የሚታመን አይደለም፤ የአሜሪካ ዕርዳታ በ2017 ከተቋረጠ ወዲህ ስንቱ የምናውቀው ሰው ቤቱ እንደተቀመጠ አንቺም ታውቂያለሽ። ዋናው ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም።

የእኛ አገር የስደት ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ታውቂዋለሽ። ጥያቄው ተቀርጾ ከውጭ ይመጣል። እኛ መጠይቁን አማርኛና ኦሮምኛ እናደርጋለን፣ መኪና እንከራያለን፣ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ እናወጣለን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን እንሞላለን። ጽሑፉ ሲታተም ስማችን ምስጋና ላይ፣ በትንሽ ፊደል። ፖስት ዶክ ከዚህ መውጫ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ያልኩት የትኛው ፖስት ዶክ እንደሆነ ስለሚወስነው ነው።

ማስታወቂያዎቹን ስታዪ አንዱ ዓይነት የቅጥር ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩ ገንዘቡንም ጥያቄውንም ይዟል፤ የሚፈልገው እጅ ነው። ለምሳሌ ስታንፎርድና ዙሪክ ያለው ኢሚግሬሽን ፖሊሲ ላብ ፖስት ዶክ ይቀጥራል። ስደተኛው የት ከተማ ቢመደብ ሥራ የማግኘት ዕድሉ እንደሚሰፋ የሚገምት የኮምፒውተር ቀመር የሠሩት እነሱ ናቸው፤ በፈረንጆቹ 2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን የሚፈልጉት ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ የጠጣ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ሕግ አንብበሽ፣ ሰው አናግረሽ ነው የምትሠሪው። እዚያ ለመግባት ብለሽ ራስሽን አትለውጪ።

እኔ ጀርመን የሄድኩት በዚሁ በቅጥሩ በር ነበር። ቤት ኪራዩን ከፍዬ የተረፈኝን ለእናቴ እየላክሁ በደንብ ኖሬያለሁ፤ አላማርርም። ግን ስብሰባ በገባን ቁጥር ግድግዳው ላይ አንድ ካርታ ይለጠፋል። ቀስቶቹ በሙሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ አውሮፓ። ከአገሩ ከተሰደደው የዓለም ሕዝብ ከመቶ ወደ 70 የሚጠጋው እዚያው ጎረቤት አገር ነው የሚቀረው። በበደሌና በመቱ አድርገሽ ጋምቤላ ስትወርጂ የምታገኚው የደቡብ ሱዳን ሰው ሁሉ ካርታው ላይ የለም። አንድ ቀን ይሄንኑ ብናገር "አስደሳች ነጥብ ነው" ተባልኩና ወደ ቀስቶቹ ተመለስን።

ሁለተኛው በር የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ የምትገቢበት ነው። ትልቁ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕ (የምርምር ድጋፍ) ነው። የየትኛውም አገር ዜጋ ይወዳደራል። ዶክትሬት ካገኘሽ በኋላ የሚቆጠር የ8 ዓመት ገደብ አለው፤ አቆጣጠሩን ከጥሪው ላይ አረጋግጪ። የምትሄጂበት አገርም ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ኖረሽበት መሆን የለበትም። አንቺ የትም ስላልሄድሽ ይሄ ላንቺ ሰርግና ምላሽ ነው። የፕሮጀክቱ ዋና ጽሑፍ 10 ገጽ ብቻ ነው፤ ከመቶው 50 የሚያዘው ለሐሳቡ ጥራት ነው። መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ እንቁጣጣሽ ሰሞን ስለሚውል ዶሮውን ሌላ ሰው ይሥራው።

ፉክክሩን አልደብቅሽም። በፈረንጆቹ 2025 ከ17,000 በላይ ሰው ነው ያመለከተው። ዝቅተኛ ነጥብ ካመጣሽ ደግሞ በዚያው ተቋም በኩል በሚቀጥለው ዓመት መሞከር አይፈቀድም። ስለዚህ በጥድፊያ አትላኪ።

ጀርመን የሁምቦልት ፋውንዴሽንም አለ፤ ጌኦርግ ፎርስተር የሚባለው ፌሎውሺፕ እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች ነው። ለሁሉም ግን መጀመሪያ ተቀባይ ፕሮፌሰር ያስፈልግሻል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ይልካል፣ "ክቡር ፕሮፌሰር" ብሎ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ። አንቺ የጻፉትን አንብበሽ የማትስማሚበትን አንድ ነገር ንገሪያቸው። ኦክስፎርድ ያለው የስደተኞች ጥናት ማዕከል ከፈረንጆቹ 1982 ጀምሮ የኖረ ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አዲስ አበባና ዶሎ አዶ ድረስ መጥተው የስደተኞችን ኑሮ አጥንተዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ጋምቤላ የት እንደሆነ አታስረጂያቸውም፤ ቀጥታ ወደ ክርክሩ ትገቢያለሽ።

አሜሪካን ለጊዜው እርሺው ባይ ነኝ። በፈረንጆቹ 2025 ጥር ስደተኛ መቀበሉን ራሱ አቆሙት። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ ላይ ደግሞ በዚያው በፈረንጆቹ 2025 መስከረም የ100,000 ዶላር ክፍያ ጣሉበት፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ላንቺ ይሄን የሚከፍለው? ከሩቁ ይልቅ ጆሃንስበርግ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአፍሪካ የስደት ማዕከልና ካይሮ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲውን ተመልከቺ። "አፍሪካ ከሆነማ ምን ዋጋ አለው" የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሚው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዶክትሬትሽ አዋጅ 1110/2011 ስደተኛው እንዲሠራ ፈቅዶ ሳለ ለምን ፈቃዱ እጁ አይገባም የሚል ነበር አይደል? አንቀጽ 26ን በቃልሽ ነበር የምትዪው። በእኔ ግምት ቀጣዩ ጥያቄሽ እዚህ ጅማ ነው ያለው። በ2009 መስከረም ኒውዮርክ ላይ መንግሥት ቃል ሲገባ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100,000 ሥራ ተፈጥሮ 30,000ው ለስደተኞች ይሆናል ተብሎ ነበር። ሐሳቡ ሰው የፋብሪካ ሥራ ካገኘ አይሰደድም ነው። የጅማው ፓርክ በ2011 ሲመረቅ ሰዉ እንዴት እንደተደሰተ ታስታውሻለሽ። እሺ፣ ታዲያ ከኦሞ ናዳና ከአጋሮ የሚወጡት ልጆች ለምን አሁንም ሪያድ ናቸው? ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን አገራችን ፋብሪካዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ሥራውን ካገኙት ሰዎች ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። የአገሩ ልጅ የማይቆይበትን ሥራ ስደተኛው ይቆይበታል ብሎ ማን አሰበ?

ወደ አገራችን የሚገባውን ስደተኛ አዋጅ 1110 ይገዛዋል። ወደ ውጭ ለሥራ የምትሄደውን የጅማ ልጅ ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ 923/2008ና ማሻሻያው፣ ይገዛታል፤ 923 ሲወጣ በመሠረቱ የፈቀደላት መንግሥታቱ የሁለትዮሽ ስምምነት ያላቸውን አገር ነበር። በሁለቱም የሰው ጉልበት በመንግሥታት ድርድር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ግን አንዱን የሚያጠናው የስደተኛ ባለሙያ፣ ሌላውን የሚያጠናው የሠራተኛ ፍልሰት ባለሙያ ነው፤ አንዳቸው የሌላውን ጉባኤ አይሄዱም። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ። ይሄን ደግሞ ማንም መጠይቅ ቀርጾ አይልክልሽም።

ችግሮቹንም ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲሽ የአገልግሎት ግዴታሽን ሳትጨርሺ ክሊራንስ አይሰጥሽም፤ ከአሁኑ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ፣ የጥናት ፈቃድ የሚል መስመር ካለ ፈልጊ። ቪዛው ሌላ ጣጣ ነው። የስደት ፖሊሲ ላጠና ነው ብዬ የግብዣ ደብዳቤ ይዤ ቀርቤ፣ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ "እንደምትመለሺ ምን ማስረጃ አለሽ?" አለችኝ። የባንክ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የእናቴ ዕድሜ ሳይቀር። ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን ለምርምሬ ማስታወሻ ይሁነኝ ብዬ ጻፍኩት። አንቺም ጻፊው።

እኔ እዚሁ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ፈረንጅ አራዳን ብታዪው አታውቂውም፣ በኮሪደር ልማቱ ተገለባብጧል። ልጄ ትምህርት ቤት ገባች፤ አፏ ያንቺን አፍ ነው የሚመስለው፣ ዝም አይልም።

የዶክትሬትሽን ማጠቃለያና ስለ አዲሱ ጥያቄ ሁለት ገጽ ጽፈሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን ታውቂዋለሽ፣ አልራራልሽም። ጀርመን አብራኝ የሠራች አንዲት ፕሮፌሰር አለች፤ ጽሑፉ ካማረኝ እኔው አስተዋውቅሻለሁ። ለድርጅቱ መልስ የምትሰጪው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ደውዪልኝ።

የምትወድሽ፣
ሰናይት