ለልጄ፣ ባርሽን ከመክፈትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ቢሆንም ቤት አትውልም። የላክሽልንን ፎቶ አየነው። መብራቱም፣ ባንኮኒውም፣ ከኋላ የተደረደሩት ጠርሙሶችም ያምራሉ። ልጄ ዋሽንግተን ላይ የራሷን ኮክቴል ባር ልትከፍት ነው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የማወራው።

ሜኑውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። መጠጡ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ምግቡ ከታች አራት መስመር ብቻ። ዕድሜዬን በሆቴል ባንኮኒ ጀርባ የጨረስኩ ሰው ነኝና ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ ቶሎ ወደዚያ ይወርዳል። ምግብ፣ በተለይ ቅባትና ሥጋ፣ ከቀደመው ግን ይዘገያል፤ ሞቅታውም ቀስ እያለ ይመጣል እንጂ እንደ ደራሽ ውሃ ሰውየውን ይዞት አይሄድም። እዚያ አገር አንድ መጠጥ ብለው የሚቆጥሩት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለውን ነው፤ በ40 ፐርሰንት ጂን ሲሰላ 44 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። አንቺ በአንድ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ትቀጃለሽ፤ ቬርሙት (በቅጠላ ቅጠል የተቀመመ ወይን) የሚገባበት ከሆነ ደግሞ እንግዳሽ ገና አንድ ብርጭቆ ሲጨርስ አንድ ተኩል መጠጥ አልፏል። ሎሚውና ሽሮፑ ስለሚሸፍኑት እሱ አይታወቀውም። አንቺ ግን ማወቅ አለብሽ፣ ቤቱ የአንቺ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጋር አንድ የሚቀመስ ነገር ሳይታዘዝ ይቅረብ፣ ሂሳብ ውስጥም አይግባ። ስፔን አገር ግራናዳ ላይ መጠጥ ላዘዘ ሰው ትንሽ ሳህን ምግብ ተጨምሮ ይመጣለታል። ቬኒስ ውስጥ ደግሞ በትንንሾቹ የወይን ቤቶች ሰው ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ቁራሽ ዳቦ ላይ የተደረገ ዓሣና አትክልት እየቀመሰ ያመሻል። እኛም ጋ ቢሆን ደህና ባለቤት ያለው ቤት ቆሎ ሳያቀርብ አይቀዳም። ጨው የበዛበት ኦቾሎኒ ብቻ የሚያቀርቡ ቤቶችን ግን አትከተዪ። ጨው ያስጠማል፣ የተጠማ ሰው ደግሞ ያዝዛል፤ ገንዘቡ የሚገኘው በእንግዳው ራስ ምታት ነው። ውሃ ሁልጊዜ ከብርጭቆው አጠገብ ይኑር።

አሁን ወደ ምግቡ። ባር ውስጥ የቆመ ሰው አንድ እጁ ብርጭቆ ይዟል፤ ስለዚህ የምታቀርቢው ሁሉ በሌላው እጅ ተነስቶ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ ማለቅ አለበት። የማይንጠባጠብ፣ የማይፈረፈር። ክትፎውን በስስ የተጠበሰ ቆጮ ላይ በአውራ ጣት ልክ አድርጊው፤ ቅቤው ከሥጋው አልፎ ወደ ጠርዙ እንዳይወርድ፣ ጣት ላይ የቀረ ቅቤ ብርጭቆ ላይ ይታተማልና። ሥጋው እስኪታዘዝ ድረስ ከቀዝቃዛ ቦታ አይውጣ። ለብለብም ቢሆን በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውን ሜኑው ላይ ጻፊ። ከሳህኑ ጋር ትኩስ እርጥብ ፎጣ ላኪ። ይህን የሚያደርግ ቤት እንግዳው አይረሳውም።

ሚጥሚጣ ላይ እጅሽን ያዝ አድርጊ። አልኮል ቃጠሎን ያባብሳል፤ እቤት ገበታ ላይ ልኩ የሆነው ሚጥሚጣ እንደ ማርቲኒ ካለ ጠንካራ ኮክቴል ጋር ሲገናኝ አፍ ያነድዳል። ከላዩ ትንሽ ዓይብ ጣል አድርጊበት፣ የወተቱ ፕሮቲን ያበርደዋል። ለሥንግ ቃሪያም እንደዚሁ፤ ፍሬውን አራግፊና በዓይብ ሙዪው።

ለጾም ቀን ደግሞ የምስር ሳምቡሳ በትንሹ፣ ቡቲቻ በድርቆሽ ላይ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ቢሆን የእኛ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ይመጣል፤ እሱ ባዶ ሳህን እያየ እንዲያመሽ አልፈልግም። ሥጋ የማይበሉት ፈረንጆችም ከዚያው ያነሳሉ።

ከክትፎው ጋር ምን ይቀዳ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሪኪ የሚባለው ኮክቴል። የራሷ የዋሽንግተን ልጅ ነው፤ በ1880ዎቹ እዚያው ከተማ ባር ውስጥ በኮሎኔል ጆ ሪኪ ስም የተጀመረ፣ በ2011 የከተማው ምክር ቤት የከተማዋ ኮክቴል ነው ብሎ ያወጀው። ጂን፣ ግማሽ ሎሚ ተጨምቆ፣ በረዶ፣ ሶዳ፤ አለቀ። ስኳር ስለሌለው ቅቤውን ከምላስ ላይ ያጥበዋል። ኮረሪማ ወይም ጤና አዳም ልጨምርበት እንዳትዪ፤ ለእነሱ ሌላ ብርጭቆ ፈልጊላቸው።

ለማይጠጣው ሰው ብርዝ አቅርቢ። ሜኑሽ ላይ ለስላሳና ውሃ ብቻ ነው ያየሁት። መኪና የሚነዳው፣ እርጉዟ፣ ሙስሊም ወዳጅሽ፣ ሁሉም እንደሌላው አምሮበት መቀመጥ ይገባዋል። ጥሩ ማር በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጠብ አድርገሽ በብርሌ ስጪው። ሳይፈላ፣ በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን። ብርሌውን ስታነሺለትም ለኮክቴሉ የምታሳዪውን ጥንቃቄ አታጓድዪ።

እናትሽ ሚጥሚጣና ኮረሪማ አዘጋጅታለች፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየፈለግን ነው። አዲሱን ሜኑ እንዳለቀ ላኪልኝ፣ ዋጋውንም ጭምር። ማዕድ ቤት ውስጥ ማን እንደሚሠራልሽ ግን እስካሁን አልነገርሽኝም፤ በሚቀጥለው ስትደውዪ መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።

አባትሽ