ቆላ ሲወርዱ ነዳጅ የሚቆርጥ ሞተር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቆዩ የቤንዚን ቱርቦ መኪናዎችን (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያላቸውን) ጉልበት ማስጨመር በወጣቶች ዘንድ እየተለመደ ነው። እኔም ጋራዥ ይመጣሉ። ሥራውን አልቃወምም፤ በወጉ ሲሠራ የሚያኮራ ሙያ ነው። የሚያሳስበኝ «ነዳጅ ቆረጠች» በተባለ ቁጥር የሚደረገው ነገር ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ቱርቦ ስታርሌቱን ይዞ መጣ። የቱርቦው ግፊት በእጅ በሚጠመዘዝ ባልቦላ ከፍ ተደርጓል። አዲስ አበባ ውስጥ እንከን የላትም። ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ግን መተሐራን አልፎ ከባድ መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲረግጥ፣ ሞተሩ ግድግዳ የገጨ ያህል ቀጥ ይልበታል። ያውም ከፊት መኪና እየመጣ! መንገድ ላይ ያገኘው መካኒክ ፊልትሮና የቤንዚን ፓምፕ ቀየረለት። አዲስ አበባ ሲመለስ ችግሩ ጠፋ፤ ፓምፑ ነበር ብሎ አመነ። በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው አካባቢ ደገመችው።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርሱ ወደ 0.91 ይጠጋል። ባልቦላው የሚያውቀው ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ የሚጨምረውን ብቻ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያነበው ሴንሰር ግን ጠቅላላውን ግፊት፣ ማለትም የውጭውን አየርና የቱርቦውን ድምር ይለካል። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ 1.90 ባር ላይ ነዳጅ የሚዘጋ ይሁን፤ ቱርቦው ደግሞ 1.05 ላይ ተስተካክሏል እንበል። አዲስ አበባ ላይ ድምሩ 1.81 ነው፣ ያልፋል። አዋሽ ላይ 1.96 ይሆናል፣ ይዘጋል። የቱርቦው ግፊት ጌጅ በሁለቱም ቦታ ያው 1.05 ስለሚያሳይ ባለቤቱም መካኒኩም ግራ ይጋባሉ።

ፓምፕ የደከመ እንደሆነ ምልክቱ ሌላ ነው። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ይብስበታል። ለማረጋገጥ የነዳጅ ግፊት ጌጅ አስሮ መንዳት ነው። ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር የነዳጁም ግፊት 1 ባር መጨመር አለበት፤ 3 የነበረው 4 ካልሆነ ያኔ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ ግፊት መቆጣጠሪያውን እንጠርጥር። የነዳጅ ጌጁ ሳይወርድ ሞተሩ በአንዴ ከተቆረጠ፣ ሁልጊዜም በዚያው ጠቅላላ የአየር ግፊት ላይ ከሆነ፣ እግር ሲነሳም ወዲያው ከተመለሰ የዘጋው ኮምፒውተሩ ነው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት የካንዴላና የቦቢና ችግር ደግሞ ያንገጫግጫል እንጂ እንዲህ ቀጥ አያደርግም።

ይህ ደንበኛ የመጣው ምርመራ ፈልጎ አልነበረም። ሌላ ቦታ «ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ቱቦ ትንሽ እናስተንፍሰው፣ ከዚያ በኋላ አይቆርጥም» ተብሎ፣ እኔ እንድሠራለት ነበር። እውነት ነው፣ ሴንሰሩ ግፊቱን አሳንሶ ስለሚያነብ አይቆርጥም። ነገር ግን የዚህ ሞተር ኮምፒውተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው በዚያው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩን ስናታልለው ብዙ አየር ለገባበት ሞተር ጥቂት ቤንዚን ይሰጣል፤ ሙቀቱ ይንራል፣ ያንኳኳል፣ በመጨረሻም ፒስቶን ይበሳል። ወገኖቼ፣ ነዳጅ መቁረጡ ሞተሩን ለማዳን የተሠራ መከላከያ ነው። ሴንሰሩን የሚያታልለውን ዕቃ የምትሸጡም የምትገጥሙም እባካችሁ ተዉት።

እኔ ግፊቱን ወደ 0.85 አወረድኩት። አዲስ አበባ ላይ ጉልበቷ እንደሚቀንስ ነገርኩት፣ ቅር ቢለውም ተቀበለ። ከፍ ያለ ግፊት የሚፈልግ ሰው ትልልቅ ኢንጀክተር (የቤንዚን መርጫ) እና በቂ ፓምፕ ይግጠም፤ ጠቅላላውን ግፊት እያየ ቱርቦውን የሚቆጣጠር፣ ለመኪናው ተብሎ የሚስተካከል ኮምፒውተርም ያስገባ። ወጪው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያን እስኪችል ግን ባልቦላውን ማስተካከል ያለበት ለሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ አስልቶ ነው፤ ጂቡቲ ድረስ የሚነዳ ከሆነ የባሕር ወለሉን 1.01 ባር ይዞ ያስላ።

አንድ የመኪና መካኒክ
ከአዲስ አበባ