ነርሲንግ ገብቻለሁ፤ ቀሪውን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወዳችሁ ለእማዬ፣ ለአባዬና ለማሙሽ፤ ሐዋሳ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ስደውል ገና «ተቀበሉኝ» ከማለቴ እማዬ እልልታውን አቀለጥሽው። ጎረቤት ገባ፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ፣ ሁሉም መረቀኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ግን አንድም ሰው አልሰማኝም። ቀሪው ነገር ደግሞ ገንዘብ አለበት። ገንዘብ ያለበት ወሬ በጽሑፍ ይሻላል። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ የአባዬን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከደብዳቤው ጋር አብሬ ልኬያለሁ። ማሙሽ፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። የማይመችህን ቦታ እንዳትዘል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሰፈር ውስጥ «ዶክተር ልትሆን ነው» እየተባለ ነው አሉ። አይደለም፤ ነርስ ነው የምሆነው። የገባሁበት ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ተነስቶ ለሚጀምር ሰው እዚህ የነርሲንግ ዲግሪ አራት ዓመት ይወስዳል። እኔን ግን የአካውንቲንግ ዲግሪዬ ከጠቅላላ ትምህርቶቹ ስለሚያሳርፈኝ፣ ነርሲንጉን ብቻ በ15 ወር ያስጨርሱኛል። ከዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር 2019 ማለት ነው። ረጅም እረፍት የሚባል ነገር የለውም። የክፍሉ ትምህርት፣ የላብራቶሪው ልምምድና ሆስፒታል ወጥቶ ሕመምተኛ መንከባከቡ ሁሉም ጎን ለጎን ይሄዳል።

ማሙሽ «ታዲያ አካውንቲንጉ ውኃ በላው?» ብለሃል። አልበላውም። ያ ዲግሪ ባይኖር ይሄኛው በር አይከፈትም ነበር። እዚህ ላይ ምስጋናው የአባዬ ነው። የአገር ቤት ዲግሪ እዚህ የሚቆጠረው ማስረጃ የሚመዝን ድርጅት ኮርስ በኮርስ ካየው በኋላ ነው። እነሱ ደግሞ ትራንስክሪፕት ከተማሪው እጅ አይቀበሉም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ መላክ አለበት። ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የለም። አባዬ፣ እኔ ልላክ ስል «የልጄን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ» ብለህ ከጡረታህ ከፈልክ። ደረሰኙን ይዘህ በዚያ ፀሐይ ሬጅስትራር ደጅ ቆምክ። እዚህ አንድ ትምህርት ቤት «ማስረጃሽ አልተሟላም» ብሎ ፋይሌን ዘግቶብኝ ነበር። አሁን የተቀበለኝ ግን ያንተ ፖስታ የደረሰለት ነው። በል እንግዲህ ጓደኞችህ ጋ ቡና ላይ እንደልብህ አውራው፤ ፈቅጃለሁ።

ከዚያ ሳይንሱ መጣ። ለማመልከት ብቻ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ተጠየቅሁ። ስታቲስቲክሱ ነበረኝ። ሌላውን እዚሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማርኩት። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ከዩኒቨርሲቲ በጣም ይቀላል። ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ጠዋት ክፍል እገባለሁ። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው። የእጅ አንጓ ውስጥ ብቻ ስምንት ጥቃቅን አጥንቶች ተደርድረዋል። አውቶቡስ ስጠብቅ ግራ እጄን በቀኝ አውራ ጣቴ እየዳበስኩ ስማቸውን አንድ በአንድ እጠራለሁ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ አንዴ ዳዊት የምደግም መስሏት ይሁን ያበድኩ መስሏት እንጃ፣ ፈንጠር ብላ ቆመች።

የመግቢያ ፈተናው ቲስ ይባላል። 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ነው። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አለው። ሒሳቡ ለአካውንታንት ምንም አይደል። እንግሊዝኛው ግን ላቤን አንጠፈጠፈው። ንግግሬ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ነው የሚጠይቁት፤ እሱን ደግሞ እዚሁ የተወለዱትም አያውቁትም።

ለምን እንዲህ እንደሚያጣሩ በኋላ ነው የገባኝ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ቢመጣ ማስተማር አይችሉም። ሆስፒታል ውስጥ አንድ አስተማሪ ይዞ የሚገባው ጥቂት ተማሪ ነው። አስተማሪውም፣ ሆስፒታሎቹ የሚሰጡት ቦታም ውስን ነው። ስለዚህ ውጤትም ያያሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ይጠይቃሉ፣ «ለምን ነርስ?» የሚል ጽሑፍም ያስጽፋሉ።

እማዬም ይሄንኑ ጠይቀሽኛል፤ «ከለፋሽ አይቀር ዶክተር አይሻልም?» ብለሽ። እዚያ ጽሑፍ ላይ ያሰፈርኩትን ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እስካሁን የነርስ ረዳት ነኝ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ ከአልጋ አነሳለሁ። ሁልጊዜ በስሜ የሚጠሩኝ አንዲት እናት አሉ። አንድ ሌሊት ስገባ ማን እንደሆንኩ ጠፋቸው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባራቸው ግን በላብ ረጥቧል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ነርሷን ጠራኋት። ገና በሩ ላይ ሆና «እራት በልተዋል?» አለችኝ። ትሪውን ሳይነኩት እንደመለሱ ነገርኳት። ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ለካች፤ 48። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። መዋጥ መቻላቸውን አየችና የብርቱካን ጭማቂ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ለካች። ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝና ስሜን ጠሩኝ። ላቡንም መንቀጥቀጡንም ያየሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ያወቀችው ግን እሷ ናት። እኔም ማወቅ ነው የፈለግሁት። ዶክተሩ በዚያ ሌሊት ቤቱ ተኝቷል።

ይሄን አንቺም ያዢው እማዬ። አባዬ ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ ከዘገየበት፣ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ነገር ከተምታታበት ቶሎ ስኳሩን ለኩት። መለኪያው እጅ ላይ ከሌለ አትጠብቁ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፣ ዜሮ የሚል የተጻፈበትን ግን አይደለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሳችሁ ለኩት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳታደርጉ፤ በባጃጅም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። አባዬ፣ አትኮሳተር። የመጀመሪያው ሕመምተኛዬ አንተ ነህ።

ደግሞ አንተ የታሪክ መምህር ስለነበርክ ይሄን እማዬን አስታውስልኝ። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ሆና ሳለ ለንደን ታላቁ ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ነው የተማረችው። ቤተ መንግሥት ያልናቀውን ሙያ አቶቴ ሰፈር ቢንቀው ይገርመኛል።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የወንጀል ምርመራ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃ። ለቲቢ ቆዳዬን ወግተው ሲያዩት አብጦ ተገኘ፤ ነርሷ ደነገጠች። እኔ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኋት። እማዬ፣ በሕፃንነቴ ያስከተብሽኝ የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ ነው። ክትባቱ የቆዳውን ምርመራ ያሳስታል። በደም ሲመረምሩኝ ነፃ ሆንኩ። እዚህ አብዛኛው ሰው ይሄን ክትባት ስለማይወስድ ጠባሳው ብርቅ ይሆንባቸዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማሙሽ፣ እዚህ ጋ ነው እንዳትዘል ያልኩህ።

መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የነፃ እርዳታ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እኔ አንድ ስላለኝ አይመለከተኝም። ብድር ግን ይፈቀድልኛል፤ ወስጃለሁ። ትምህርት ቤቱ «ከቻላችሁ አትሥሩ» ነው የሚለው። ጨርሶ አለመሥራት አልችልም። ቅዳሜና እሁድን ብቻ እይዛለሁ። ስለዚህ በየወሩ የምልከው ከመስከረም ጀምሮ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የአባዬ መድኃኒትና የማሙሽ የትምህርት ቤት ክፍያ አይነካም። እሱን ከራሴ ጉሮሮ ነጥቄም ቢሆን እልካለሁ። ሰርቪስ ቤቱ ግን ይቁም። ግድግዳው ላይ ዝናብ እንዳይገባ ላስቲክ አልብሱትና ጣሪያው ይቆይ፤ ቆርቆሮ ደግሞ በዱቤ እንዳትወስዱ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ «አሜሪካ ያለችው» ተብሎ የሚጠበቀውንም ከአሁኑ ንገሩልኝ። እማዬ፣ አንቺ ይሉኝታ ይገድልሻል። «ልጄ ተማሪ ናት» በይ፤ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አይጨመርበትም። የሚቀየም ካለ በኔ ይቀየም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ያለን ልጆች ብዙዎቻችን ትምህርት ሳንጀምር ዓመታት የሚያልፉብን ይሄን ለቤተሰብ መናገር እያፈርን ነው።

ከምረቃ በኋላ ፈቃድ የሚያሰጠው አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ኤንክሌክስ ይባላል። ኮምፒውተሩ መልስሽን እያየ ጥያቄውን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ ነው። እሱን ሳላልፍ ነርስ አትበሉኝ። ካለፍኩ የሜሪላንድ ፈቃድ ቨርጂኒያም ያሠራኛል፤ ግዛቶቹ ስምምነት አላቸው። ከዚያ መጀመሪያ የምከፍለው ብድሩን ነው። ሰርቪሱ ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ማሙሽ፣ ያቺ ሆስፒታል የምትሠራው ሲስተር ጎረቤታችን «እኔም በዚህ መንገድ ልምጣ» ብላ ጠይቃኛለች አልከኝ። የኔን መንገድ እንዳትከተል ንገራት። እሷ የነርሲንግ ዲግሪ አላት፤ እንደገና መማር የለባትም። ማስረጃዋን አስመዝና፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ወስዳ፣ በቀጥታ ለኤንክሌክስ መቀመጥ ትችላለች። ቪዛው ሌላ ጉዳይ ነው። ስልኬን ስጣት፣ ትደውልልኝ። «ገንዘብ ክፈይና እናስገባሻለን» ለሚሏት ደላሎች ግን አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ።

እማዬ፣ የገብርኤልን ስለት አልረሳሁም። የጥላውን ገንዘብ ለብቻ አድርጌ በዚሁ ሰው እጅ ልኬያለሁ። ሐምሌ 19 አስገቢልኝ። ድግስ ግን የለም፤ ሲያልቅ ይደገሳል። ያኔ እኔም እመጣለሁ፣ የአሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰሽ ትጠብቂኛለሽ።

ከነሐሴ ጀምሮ በየቀኑ መደወል አልችልም። እሁድ በምሳ እረፍቴ፣ በናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እዚህ ሰዓት ሲቀየር ሦስት ሰዓት ይሆናል። ባልደውል ፈተና ላይ ነኝ ማለት ነውና ለጎረቤት እንዳታለቅሱ።

የምትወዳችሁ ልጃችሁ

ይድረስ ለማሙሽ፦ ሰውየው የሚመለሰው በሐምሌ መጨረሻ ነው። በርበሬና ሽሮ ላኩልኝ፣ ኮረሪማውን ለብቻ ቋጥሩት። ቅቤ አትላኩ፤ ጉምሩክ ላይ ሊይዙት ይችላሉ።