በሠርግ አዳራሹ የሰማሁት ሽለላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን ከመንዝ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ወጣቶች ሮክ የሚባል ሙዚቃ መጫወት ጀመሩ፤ በፉከራና በሽለላ አገር የባዕድ ጩኸት ምን ይሠራል ይላሉ። የተቆጩት አገራቸውን ስለሚወዱ እንደሆነ ይገባኛል። እኔም እወዳታለሁ። ግን እኔ የወጣቶቹን ባንድ ዝግጅት ሄጄ አይቻለሁ። ያየሁትን ልጻፍ።

ዕድሜዬ 61 ነው። 33 ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ሙዚቃ ሲባል የማውቀው የሬዲዮውን፣ የሠርጉንና የማሲንቆውን ነው። ወደ ዝግጅቱ የወሰደችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ከባንዱ አባላት ሁለቱ የክፍሏ ልጆች ናቸው። «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረን እንሂድ» ስትለኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ቀን፣ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ማታ ቢሆን ሰው አይመጣም፤ ሁሉም በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። መግቢያው 150 ብር። ቦታው የሠርግ አዳራሽ ነው። ካለፈው ሠርግ የተረፈው ነጭና ወርቃማ ጨርቅ ገና ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከበሮ መቺው የተቀመጠው ሙሽሮች በሚቀመጡበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ስማቸውን ልጻፍ ወይ ብዬ ስላልጠየቅኳቸው አልጽፈውም።

ሠርግ አዳራሽ የተከራዩት ወደው አይደለም። መጀመሪያ አንድ የሕዝብ አዳራሽ ጠይቀው ነበር። ማመልከቻ አስገቡ። «ነገ ተመለሱ» እየተባሉ ሦስት ሳምንት ተመላለሱ። በመጨረሻ በቃል፣ «ይሄ ጩኸት ነው፣ አይሆንም» ተባሉ። በጽሑፍ የሰጣቸው የለም። ከዚያ የየኪሳቸውን አዋጡ፣ ስፒከር ተከራዩ፣ ወንበሩን ራሳቸው ደረደሩ። ልጄ እንዳስረዳችኝ ሮካቸው «ኢንዲ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ኢንዲፔንደንት ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው፤ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ሳይጠብቁ በራሳቸው የሚሠሩትን ለመጥራት ነው የመጣው።

አሁን ወደ ጊታሩ ልምጣ።

ልጁ አንድ ዘፈን በጨረሰ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ክሩን ያጠብቃል። አንዴ አደረገ፣ ሁለቴ አደረገ፣ ሦስተኛው ላይ ገባኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ጊታሩ ያደረው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። አዳራሹ ደግሞ በሰው ትንፋሽ ሞቋል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድር ሲላላና ሲጠብቅ በጣቴ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። የላላ ድር ላይ ማግ ብትወረውር ጨርቁ ይበላሻል። ያ ልጅ በላላ ክር አንድም ዘፈን አልጀመረም። ሰው እየጠበቀው፣ ከኋላ እየተፉጨበት፣ ሳይቸኩል ክሩን ያስተካክል ነበር። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሠራተኛ በኔ ክፍል ቢመደብልኝ ደስ ባለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ብዙም አልወደድኳቸውም፤ እውነቱን ልናገር። ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ቤዝ ጊታር ደረቴን መታው፣ ግጥሙ ተዋጠ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ጊታሩ ብቻውን ጀመረ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ እየወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ይሰበራል። ከዚያ ይቆማል። እንደገና ይነሳል። ጸጉሬ ቆመ። አባቴ በልጅነቴ ሠርግ ቤት ዱላውን ይዞ ሲያቅራራ የሰማሁት ነው። ያው አነሳስ፣ ያው ትንፋሽ መውሰጃ። ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንትም ሳያስቡት «አሃ!» አሉ።

ሲያልቅ ልጁ ጋ ሄድኩ። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ከአያቴ ነው። ቅኝቱም አንቺሆዬ ነው» አለኝ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ማለት ነው። ሻካራነቱስ? እግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳጥን አሳየኝ፤ ዲስቶርሽን ይሏታል። ድምፁ ከሚችለው በላይ ሲገፋ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፣ ያኔ ነው የሚሻክረው። እንግዲህ የሸላይ ጉሮሮስ ምንድን ነው? እሱም ድምፁን ከአቅሙ በላይ ሲገፋው ነው የሚሻክረው። በለስላሳ ድምፅ የሸለለ ሰው አላውቅም።

ደግሞ ይህ ነገር ዛሬ አልተጀመረም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ልጅ ነው፤ የኛው የሰሜን ሸዋ ሰው። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ያስፎከረ እሱ ነው። ዘ ኤክስ የሚባል የኔዘርላንድ ባንድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ፣ ሙዚቃውን በራሱ የሚያሳትም፣ ጊታሩ እንደነዚህ ልጆች የሚሻክር። እነዚያ ፈረንጆች የጌታቸውን ሽለላ ሰምተው ወደ አገራቸው መጥቶ እንዲጫወት ጋበዙት። እሱ ወደ 70 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አብረው አልበም አወጡ፣ አገር ላገርም ዞሩ። እስኪ አስቡት፤ ያን ሻካራ ጊታር ከይፋቱ ሽለላ ጋር ያጣመሩት የሩቅ ሰዎች ናቸው። የመንዙ ወንድሜ ባዕድ ያሉትን ድምፅ ባዕዶቹ ከኛ ሰው ሽለላ ጋር ወንድም አድርገውታል።

አምስተኛው ዘፈን መሐል ላይ መብራት ሄደ። ስፒከሩ ጸጥ አለ። ሰው መንጫጫት ሲጀምር ድምፃዊቷ ከመድረክ ወርዳ ወንበሮቹ መሐል ቆመች። ማይክ የለም። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን አስቀምጦ በእጁ ቀስ እያለ ይመታል። የዘፈነችው ስለ አያቷ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ጭስ በሞላው ቤት፣ የበግ ጸጉር እየፈተለች ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምታሠራ አያት። ባናው ለልጅ ልጇ ነው፤ ልጅቷ ግን ከተማ ሄዳ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ለብሳ ትተኛለች። በዚያ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግጥሙን የሰማሁት ዘፈን ይህ ብቻ ነው። ያንን ብርድ ልብስ ከሚሠሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። መብራቱ ሲመጣ ማንም አላጨበጨበም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቅን።

ለዚህ ነው ለልጆቹ አንድ ነገር የምለው። ቤዙን ቀንሱት፣ ቃላችሁ ይሰማ። የምትናገሩት ነገር አላችሁ። እኛ ሽማግሌዎቹ ጩኸት የምንለው ቃሉ ሳይሰማን ሲቀር ነው።

ለአዳራሽ ኃላፊዎችም አንድ ነገር አለኝ። ባለፈው ሐሙስ ልጄ የባንዱ ልጆች የሚለማመዱበትን ቤት አሳየችኝ። አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፣ አምስት ሰው ከነዕቃው አይበቃትም። ጎረቤት እንዳይረበሽ ግድግዳውን በሙሉ ብርድ ልብስ ቸንክረውበታል። ጠጋ ብዬ ጠርዙን አየሁት። ግራጫ ላይ ሁለት ቀይ መስመር። የኛ ነው። ምናልባትም ከኔ ማሽን የወጣ ነው። ቀን ቀን ተዘግቶ የሚውል አዳራሽ እያለ ልጆቻችን በዚያች ክፍል ታፍነው ይለማመዳሉ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ስጧቸው። ኪራይ ክፈሉ ካላችኋቸው ያዋጣሉ፤ ማዋጣት ያውቁበታል። አይሆንም ካላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጧቸው።

የመንዙ ወንድሜ፣ ልጆቹ በመጪው ወር መጨረሻ ቅዳሜ፣ እዚያው ሠርግ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ይጫወታሉ። ይምጡ። ነጭ ጋቢ ለብሼ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ትኬቱን እኔ ቆርጫለሁ። ከፊት እንቀመጥ፤ የሽለላው ዘፈን ሦስተኛው ነው።

አክባሪዎ
የቀድሞ የሽመና ሠራተኛ
ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን