ስለ 47ቱ ገጽ

ጅግጅጋ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሦስት ዓመት ጠፍቼ በጤና ጥያቄ መጀመሬ ያሳፍረኛል። ግን ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

የጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ያን የፖሊሲ ጥናቴን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለሽ አነበብሽልኝ። ጠዋት ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሽኝ። "ይሄን ማን እንዲያነበው ነው የጻፍከው?" አልሽ። እኔ ደግሞ በልቤ "የእንስሳት ሐኪም ስለ ፖሊሲ ጥናት ምን ታውቃለች?" ብዬ አለፍኩሽ። ይኸው ተናገርኩት። ሦስት ዓመት ያነቀኝ ይሄ ነው።

47 ገጹን እንዳለ ለአንድ የጥናት ተቋም ላክሁት። ለአምስት ወር ድምፅ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ኢሜይል መጣ። "አልተቀበልነውም" ይላል፤ ከሥሩ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት አለ። አንደኛው ስለ ንድፈ ሐሳቡ ብዙ ብሏል። ሁለተኛው ግን ያንቺን ጥያቄ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ጠይቆታል። ምክረ ሐሳቦቹን የሚፈጽማቸው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? በምን ሥልጣን? በየትኛው በጀት? ያን ዕለት ስልኬን አንስቼ ስምሽ ላይ ደረስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ቀን በቀን ላይ ሲደራረብ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

ጥናቱ ስለ ምን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ስለ ቶጎ ውጫሌ ነው። ከዚህ ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማዋን ድንበሩ ለሁለት ከፍሏታል፤ ከወዲህ እኛ፣ ከወዲያ ሶማሌላንድ። በጉም ፍየሉም ግመሉም በዚያ በኩል ያልፋል፤ ወደ ሐርጌሳና ቡራኦ ገበያ፣ ከዚያ ወደ በርበራ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ሳዑዲ። ዓረፋ ሲቃረብ የሚንቀሳቀሰውን ከብት ብታዪ! ሲመለስ ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ የዱቄት ወተት፣ ልብስ ይመጣል። በሕጉ ዓይን አብዛኛው ኮንትሮባንድ ነው። ለአርብቶ አደሩ ግን ገበያው ይሄ ነው። አያቱም የሸጡት እዚያው ነው።

በ47ቱ ገጽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተማመንኩበት ምክረ ሐሳብ ምን ነበር መሰለሽ? ደላሎች ከገበያው ሰንሰለት ይውጡ የሚል ነው። አርብቶ አደሩ በቀጥታ ለነጋዴው ይሽጥ፤ ትርፉ ለራሱ ይሁን። ሲነበብ እንዴት ያምራል! ሁለተኛው ገምጋሚ "ደላሎቹን ራሳቸውን አነጋግረሃል?" ብሎ ጽፎ ነበር። አላነጋገርኩም። ስለ እነሱ ሌሎችን ነበር የጠየቅሁት።

ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩ። ገበያው ዳር ሻይ ቤት አለ፤ እዚያ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሦስት ጠዋት ተቀመጥኩ። ሥራቸው ድለላ ነው። እንዲህ አስረዱኝ። ከሩቅ ከብቱን ነድቶ የመጣን ሰው ገዢው አያውቀውም። ከብቱ የተሰረቀ ይሁን የራሱ በምን ያውቃል? ደላላው ግን የሻጩን ጎሳ ያውቃል፣ ዘመዶቹን ያውቃል፣ የት እንደሚገኝ ያውቃል። ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ተጠያቂው ደላላው ነው። ገዢውም ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው የሚወስደው፤ በርበራ ደርሶ ሲሸጥ ነው የሚከፍለው። ታዲያ አርብቶ አደሩ ምን አምኖ ግመሉን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል? ደላላውን አምኖ ነው።

እኔ ይጥፋ ብዬ የጻፍኩት ዋሱን ነበር።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ስቆጥር አገኘሁት። እነሱ በሶማሊኛ "ዲላል" ይላሉ። አስተርጓሚዬ በአማርኛ "ደላላ" አለኝ። ቃሉ ያው ነው፤ ግን እኔ ጭንቅላት ውስጥ የመጣው የአዲስ አበባ የቤት ደላላ ነው፤ ቁልፍ ከፍቶ አሳይቶ ኮሚሽኑን የሚቀበለው። ከዚያ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ስጽፍ "ሚድልማን" ሆነ። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ሰውየው መሀል የገባ ትርፍ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። ትርፍ የሆነን ነገር ደግሞ ማንም ይቆርጠዋል። በሦስት ቋንቋ እየተንከባለለ የአንድ ሰው ሥራ ጠፋ። እህቴ፣ ስለ አካባቢያችን የሚጻፈው ጥናት አብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው። የሚጠየቁት ሰዎች አያነቡትም። "እንዲህ አላልኩም" የሚል የለም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አሁን ቃሉን ሳልተረጉም "ዲላል" ብዬ ተውኩት፤ ትርጉሙን በአንድ አንቀጽ አብራራሁ። ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፍኩት። 12 ገጽ ሆነ። የመጀመሪያዋን ገጽ ስጽፍ አንድ ሰው ብቻ ፊቴ አስቀመጥኩ፤ በሁለት ስብሰባ መሀል አሥር ደቂቃ ያለው የክልል ንግድ ቢሮ ኃላፊ። ንድፈ ሐሳቡን ከሞላ ጎደል አወጣሁት። በየምክረ ሐሳቡ ሥር ፈጻሚውን መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ስም በሙሉ አጠፋሁ፤ ነገ ኮንትሮባንዲስት ተብለው እንዳይጠየቁብኝ የሻይ ቤቱን ቦታ እንኳ አልጠቀስኩም።

አንድ የታገልኩበት ነገር አለ። ረቂቁን ያዩልኝ ሁሉ "ስለ ወደቡ ጨምርበት" ይሉኝ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በሩ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አደራዳሪነት ያወጡት የአንካራው መግለጫ መጣ። በመሀሉ ሁሉም ሰው ስለ ባሕር በር ጸሐፊ ሆነ። ጉዳዩ ትንሽ ነው አልልም። ግን በዚያው ዓመትም በጎቹ እንደ ወትሯቸው ይሻገሩ ነበር፤ ስለ እነሱ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ለወደቡ አንድ አንቀጽ ብቻ ሰጥቼ ወደ በጎቹ ተመለስኩ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲሱን ለሌላ ተቋም ነው ያስገባሁት፤ የአፍሪካ ቀንድን ጉዳይ የሚያጠና ነው። መጀመሪያ የጥናቱን ሐሳብ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ጠየቁ፤ ያንን ሲቀበሉ ሙሉውን ላክሁ። ገምጋሚዎቹ ማን እንደጻፈው እንዳያውቁ ስሜን ከፋይሉ አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። "አሻሽለህ መልስ" ነው የሚለው። ለእያንዳንዱ አስተያየት ምን እንዳደረግሁ በሠንጠረዥ እመልሳለሁ። ዴድላይኑ መጋቢት መጨረሻ ነው። አብዛኛውን ጨርሻለሁ።

አንዱ ግን ያንቺ ነው፤ እኔ አልችለውም። ስለ እንስሳት ጤና የምስክር ወረቀት የጻፍኩት ክፍል ቀጭን ነው ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። በመስከረም 1993 ከብትንም ሰውንም የሚይዘው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲና የመን ሲገባ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን ከብት እንደከለከለች ጽፌአለሁ። ክልከላው እስኪነሳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወሰደ። ያኔ ከብቱን ይዞ የቀረው አርብቶ አደር ስንት ነገር እንዳየ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ግን ክትባቱን ማን ይስጥ፣ ወረቀቱን ማን ይፈርም የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይያዛል።

ሞያሌ ስትሠሪ የያዝሻቸው ሁለት ማስታወሻ ደብተሮች አሁንም አሉ? ሰማያዊዎቹ። በ2013 ከኬንያ ጋር የጋራው የድንበር ኬላ ሲመረቅ እዚያው ነበርሽ። ያኔ አንድ ነገር ነግረሽኝ ነበር፤ በደንብ አልሰማሁሽም። ወረቀትና ማኅተም ስለሚሰጥበት ነገር ነበር። እነዚያ ደብተሮች ለብቻቸው አንድ ጥናት ይወጣቸዋል፤ ስምሽን ይዘሽ ራስሽ ብትጽፊው ደስ ይለኛል። ለጊዜው ግን ይሄን ብቻ ንገሪኝ። እኛ በኩል ያለው ሐኪም የፈረመውን የጤና ወረቀት የኬንያው ሐኪም ይቀበለው ነበር? ወይስ ከብቱ እንደገና ይመረመራል? ክፍያውንስ የሚከፍለው ማን ነበር፣ ነጋዴው ወይስ አርብቶ አደሩ?

12ቱን ገጽ አያይዤ ልኬልሻለሁ። በቀይ እስክሪብቶ አታዝኚልኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ